መብራቱ ካልበራ

መምህሩ ፊቱን ግማሽ ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና እንደለበሰ የገዛ ድምፁን ከእናቱ ክፍል ሰማው። እሱ ከድሮም ድምፁን የሚጠላ ሰው ነው፤ ትምህርቱ በቪዲዮ ከተቀረጸ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረው፣ አንድም ቀን ግን ከፍቶ አላየውም። እናቱ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቀኑን ሙሉ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የሚያዳምጡት ይህንኑ ነው፤ ሴት ልጃቸው ስልካቸው ላይ ጭናላቸዋለች። "ቤት ውስጥ አንድ ቃል የማይተነፍሰው ልጄ እዚህ ውስጥ ሲለፈልፍ ይውላል" ይላሉ ለጎረቤት። እስከ ትናንት ድረስ በጆሮ ማዳመጫ ነበር የሚሰሙት። ትናንት ማዳመጫው ተበጠሰ፤ የአዲሱ ዋጋ እጥፍ ሆኗል ተብሎ ሳይገዛ ቀረ። ዛሬ ጠዋት እንግዲህ ቤቱ በሙሉ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር መማር ጀመረ።

"የቴስተራችሁ መብራት በራ?" ይላል ድምፁ። "አልበራም። መብራቱ ካልበራ መስመሩ ሞቷል ማለት ነው። ሞቷል ካልን ምን እንጠብቃለን? ግቡበት፤ በእጃችሁ ያዙት። ቀጥለን የምናየው የሽቦ ውፍረት ነው።"

ምላጩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቃሉ የሱ ነው፤ በማስተማር ዘመኑ ሁሉ በየዓመቱና በየክፍሉ ብሎታል። ግን እዚያ ላይ አያልቅም። ቴስተር መስመር ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩን በትንሽ መብራት የምትናገር፣ ከእስክሪብቶ ብዙም የማትበልጥ መሣሪያ ናት፤ የባትሪ ድንጋይዋ ካለቀ ግን እሷም ሬሳ ናት፣ ሬሳ ደግሞ ስለሌላ ሬሳ አይመሰክርም። የሱ ዘዴ ወጥመድ ነበር። "በእጃችሁ ያዙት" ይልና ዝም ይላል። እጁን ወደ ሽቦው ይዘረጋል፣ ይጠብቃል። ክፍሉ መጀመሪያ ይጽፋል፤ ከዚያ መጻፉን ይተውና መቁነጥነጥ ይጀምራል። በመጨረሻ ዝምታው ያስጨነቀው አንዱ ከኋላ "መምህር፣ ቆይ እንጂ፤ ቴስተሩ ራሱ ሞቶ ቢሆንስ?" ይላል። ያኔም እሱ አይናገርም፤ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ። ሕጉን ተማሪዎቹ ራሳቸው እየተቀባበሉ ያወጡታል፦ ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በታወቀ መስመር ላይ ሞክር፤ ቀጥሎ የምትነካውን መስመር ሞክር፤ ከዚያ ተመልሰህ ቴስተሩን ደግመህ ሞክር። ከመምህር አፍ የሰሙት ይረሳል፣ ከራሳቸው አፍ የወጣው አይረሳም ባይ ነው። ተማሪዎቹ ፌርማታ የሚል ቅጽል ያወጡለትም በዚሁ የተነሳ ነበር፤ መሀል መንገድ ላይ ገትሯቸው ይቆማልና።

የተቀረጸ ዕለትም ይህንኑ አደረገ። ኮሌጁ የድሮውን የካርታ መጋዘን ግድግዳውን በስፖንጅ ለብጦ ስቱዲዮ ብሎት ነበር። ለግድግዳ አላስተምርም ብሎ ጥቂት ተማሪዎች ፊቱ አስቀመጠ፤ ማይክራፎኑ ግን የተሰካው እሱ ኮሌታ ላይ ብቻ ነው። ኋላ የተቀረጸውን የሚያሳጥረው ፕሮግራም ደግሞ ድምፅ የሌለበትን ቦታ ራሱ እየፈለገ የሚቆርጥ ሆነ፤ የተማሪ ጊዜ ውድ ነው፣ ዳታም ውድ ነው ተብሎ። ዝምታውን ቆረጠ፤ ከዝምታው ጋር የተማሪውን ጥያቄ ቆረጠ፤ ተማሪዎቹ ያወጡትን ሕግም አብሮ ቆረጠ። ወጥመዱ ብቻውን ቀረ። ዘንድሮ የገቡት ልጆች በሙሉ የተማሩት ይህንኑ ወጥመድ ነው።

"ካልበራ ሞቷል፣ ሞቷል ካልን ግቡበት" አሉ እናቱ ከወዲያ፣ በቃላቸው ይዘውታል። "ይኸው እኔም በዚህ ዕድሜዬ ኤሌክትሪሻን ሆንኩ።"

ሳሙናውን ሳይታጠብ ገባ። እህቱ የእናታቸው አልጋ ግርጌ ቆማ ሻይዋን ፉት እያለች በሌላ እጇ ጫማዋን ታጠልቃለች። የኮሌጁ የዲጂታል ትምህርት ክፍል ኃላፊ እሷ ናት፤ ስቱዲዮውም፣ ቆራጩ ፕሮግራምም፣ እናታቸው ስልክ ላይ ያለውም የሷ የእጅ ሥራ ነው። እሱ በብዙ ዓመት ይበልጣታል፤ ኮሌጅ ስትገባም ተማሪው ነበረች። የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር ኮርሶችህ ተቀድተዋል፣ ክፍል መግባት አያስፈልግህም ተባለ፤ የይዘት አማካሪ የሚባል እጅ እግር የሌለው ስም ተሰጠውና ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ ተጣለለት። ሐሳቡን ያቀረበችው እሷ መሆኗን የሰማው ከሰው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው። እሱ ትዳር ሳይዝ ቀረ፣ እሷ ይዛ ፈታች፤ ሁለቱም በእናታቸው ቤት አንድ ወጥ ቤትና አንድ መታጠቢያ ይጋራሉ፤ ቃል ግን አይጋሩም። የግድ መባል ያለበት ነገር ሲመጣ በእናታቸው በኩል ያልፋል።

"እማዬ" አለ ግድግዳውን እያየ፤ "ያቺን ልጅሽን ይህን ትምህርት ዛሬውኑ ታውርደው በያት። ሰው ይገድላል።"

እናቱ አንገታቸውን ወደ ብርጭቆው ድምፅ አዞሩ። "ሰምተሻል" አሉ።

"ለልጅሽ ንገሪው እማዬ። መምህሩ ተሳስቻለሁ ብሎ ካመነ እዚያው ይወርዳል። ማሽኑ ነው የተሳሳተው ካለ ግን ቅሬታ ነው፤ ቅሬታን ኮሚቴ ነው የሚያየው። እስኪታይ ድረስ ትምህርቱ አይነካም። ደንቡ ለማንም እንደዚያ ነው።"

ደንቡን ያወጣው ማን እንደሆነ መቼም አይጠየቅም። እሱ አልተሳሳትኩም አለ፣ ለእናቱ። እሷ እንግዲያው ኮሚቴውን ይጠብቅ፣ የሚሰበሰበው የዛሬ ወር ነው አለች፣ ለእናቷ። ዛሬ ከሰዓት የአንደኛ ዓመት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ከባትሪ ወጥተው እውነተኛ መስመር ላይ እንደሚሠሩ፣ ይህን የሚያዩ እንግዶች ከበላይ መሥሪያ ቤት እንደሚመጡ፣ ስንት ሌሊት ያልተኛችበትን ጥናቷንም ለነሱ እንደምታቀርብ ዘረዘረች፤ ስለዚህ ዛሬ ማንም ሰው ነገር እንዳያመጣባት። ይህ ሁሉ የሚነገረው ለአሮጊቷ ነው። አሮጊቷ ስለ ጥናት ምን አገባቸው።

"ሁለታችሁንም ያጠባሁት እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "አስተርጓሚ ሆኜ ልሙት እንግዲህ?"

እህትየዋ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች። በሩ ላይ የጎረቤቱን ልጅ ጉንፋን ለቀቀው ወይ እያለች፣ ማር በሚያንጠባጥብ ድምፅ ስትጠይቅ ሰማት። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሷ ናት ብሎ በሆዱ ሰደባትና የቀረውን ጢሙን ሊላጭ ተመለሰ። ሁለት ቦታ ቆረጠው።

ታክሲው ውስጥ ወሬው ሁሉ የታሪፍ ጭማሪው ነበር። አንዲት ሴትዮ ዳቦውም አነሰ፣ ታክሲውም ጠበበ፣ የሰፋው የረዳቱ አፍ ብቻ ነው ብላ ሰዉን አሳቀች፤ ረዳቱም ሳቀ፤ መልሷን ግን አልሰጣትም። እሱ አልሳቀም። አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ ጉልበቱ ላይ ስልክ አስደግፎ ትምህርት ያያል። መምህሩ አጎንብሶ ሲያይ የራሱን ፊት አየ፤ የጥፍር ያህል ሆኖ፣ ድምፅ አልባ፣ ዝም ብሎ አፉን ይከፍታል። የልጁን ትከሻ ነካ አድርጎ፣ የቱ ትምህርት ላይ እንደደረሰ ጠየቀው። ልጁ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ነቅሎ አየው፤ ስልኩንም አየ፤ እንደገና እሱን አየ። ሁለቱን ማስታረቅ አልሆነለትም መሰለኝ ስልኩን መረጠ። መምህሩ ሊያስረዳው ሲጀምር ልጁ "ይቅርታ አባባ፣ ልወርድ ነው" አለና አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ ወረደ። በገዛ ተማሪው አባባ መባሉ ቆሽቱን አሳረረው።

የኮሌጁ ኮሪደር ላይ የተጣለለት ጠረጴዛ ከሽንት ቤቱ በር ትይዩ ነው። እዚያ ላይ ያለው ኮምፒውተር ተማሪዎች የሚልኩትን ጥያቄ ያሳየዋል፤ መልሱን የሚሰጠው ግን ሌላ ፕሮግራም ነው፣ በሱ ስምና በሱ ፎቶ። የሱ ሥራ ማየት ነው። አንዳንዴ የተሰጠው መልስ ደህና ሆኖ ያገኘዋል፣ ያን ጊዜ የበለጠ ይናደዳል። ዛሬ ግን ጥያቄዎቹን ትቶ ያለፈውን ፈተና ውጤት ከፈተ። ፈተናውንም ያወጣው ማሽን ነው፤ ከተቀረጸው ትምህርት ላይ እየለቀመ። ፈለገ፣ ፈለገ፣ አገኘው። የቴስተሩ መብራት ባይበራ ምን ታደርጋለህ ይላል ጥያቄው። ትክክል የተባለው መልስ "መስመሩ ሞቷል፣ ሥራ መጀመር ይቻላል" የሚለው ነው። ከሦስት ተማሪ በቀር ክፍሉ በሙሉ መልሶታል። ሦስቱ "ቴስተሩን ራሱን መሞከር ያስፈልጋል" የሚለውን መርጠው ቀይ ኤክስ ተደርጎባቸዋል። ስማቸው የለም፣ የመታወቂያ ቁጥር ብቻ። መምህሩ ቁጥሮቹን ደጋግሞ አነበባቸው። እነዚያን ሦስት ሰዎች አግኝቶ ጉንጫቸውን ቢስም ደስ ባለው ነበር።

ወደ እህቱ ቢሮ የሚወስደው አዳራሽ ውስጥ የጥናቷ ሥዕል ተሰቅሏል፤ አጭር ምሰሶ፣ ረጅም ምሰሶ። አጭሩ ከዚህ በፊት በመምህር የተማሩት ውጤት ነው፣ ረጅሙ በተቀዳ ትምህርት የተማሩት። አጭሩ ምሰሶ እሱ ነው እንግዲህ፤ ማርክ የማይለግስ ስስታም ስለነበረ። ረጅሙ ላይ ግን የመስመሩ ጥያቄ አለበት፤ የተሳሳቱትን ልጆች ሁሉ ጎበዝ ብሎ ቆጥሯቸዋል።

ቢሮዋ ውስጥ ሁለት ሠራተኞቿ ለእንግዶች ውሃ በጠርሙስ እየደረደሩ ነበር። በሰው ፊት መነጋገራቸው የግድ ነውና አየችው። "መምህር፣ በቀጠሮ ነው የማስተናግደው፤ ይቀመጡ ግን" አለችው። እርስዎ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ልጅ እያለች ጀርባው ላይ አዝሎ ያሳደጋት እህቱ ጋሼ ከማለት በቀር ሌላ ስም አታውቅለትም ነበር፤ አሁን በአክብሮት ፊት ነሳችው። አልተቀመጠም። ጥያቄውንና ኤክስ የተደረገባቸውን ሦስት ተማሪዎች ነገራት። ስክሪኗ ላይ ከፍታ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ ደም መጥቶ ሲመለስ አየ፤ እንደገባት አወቀ። ቀና ስትል ግን ሠራተኞቿን አስወጥታ በሩን ዘጋች።

ጥናቱ የቆመው በዚህ ፈተና ላይ ነው አለችው። አንድ ጥያቄ ከተነቀለ ሁሉም ይመረመራል፤ ማሽኑ የቆረጠው ይህን ብቻ ነው ወይ ይባላል፤ የሌሎቹም መምህራን ትምህርት ይከፈታል፤ በጀቱ ይቆማል፤ ከሷ ሥር ያሉት ልጆች ሥራ ይፈታሉ። እሱ ግን ተሳስቻለሁ ቢል ነገሩ የአንድ መምህር የአንድ ቀን ስህተት ሆኖ ያልፋል። ታብሌቷን ወደሱ አዞረችው። ስክሪኑ ላይ "ስህተቱ የኔ ነው፣ ይውረድ" የሚል ቁልፍ አለ።

"ስህተቱ የኔ አይደለም" አለ። "አንቺ እንኳ ሌላው ቢቀር ታውቂዋለሽ። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠሽ ተምረሻል።"

"እኔ የማውቀው ቪዲዮው ላይ ያለውን ነው።"

"ሙሉው ቅጂ አለ አይደል? ሳይቆረጥ በፊት ያለው። እሱን ክፈቺው።"

"ለኮሚቴው ይከፈታል። ይጫኑ መምህር፣ ልጆቹን ካሰቡላቸው ይጫኑ።"

አልተጫነም። ከዚህ ቀደም ተማሪዎቹን ወሰዱበት፣ ክፍሉን ወሰዱበት፤ ሰው ሊገድል የሚችል ስህተት አስተማረ የሚለውን ስም ደግሞ በገዛ ጣቱ ሊለጥፍ ነው? ከስሙ ሌላ የቀረው ምን አለ? በሩን ከኋላው ሳይዘጋው ወጣ።

ወርክሾፑን የሚቆጣጠረው አዲስ የተቀጠረ ወጣት ነው፤ ሥራው ስክሪኑን መክፈትና ልጆቹ የታዘዙትን መሥራታቸውን ማየት ነው። መምህሩ ነገሩን አስረድቶ፣ ቢያንስ ልጆቹን አስጠንቅቅልኝ አለው። ወጣቱ በትህትና ሰምቶ፣ በመመሪያው ውስጥ ከሌለ ቃል መጨመር እንደማይፈቀድለት ነገረው፤ ባለፈው አንድ ቀልድ ጨምሬ ተገምግሜያለሁ አለ። ደግሞስ ምን ያስፈራል፣ ልጆቹ ሲሠሩ ዋናውን ማጥፊያ እኔው አጠፋላቸዋለሁ አለ። ዛሬ ታጠፋላቸዋለህ፣ ሥራ ሲይዙ ማን ያጠፋላቸዋል ሲለው፣ ያኔ ልምድ ይኖራቸዋል አለ። ይህን ልምድ ስንቱ ሬሳ ሆኖ እንዳገኘው ሊነግረው አሰበና ጆሮ ዳባ ልበስ ላለ ሰው ምን ያደርጋል ብሎ ተወው። ወደ ኮሪደሩ ተመለሰ። ከመሳቢያው የራሱን ቴስተር አወጣ፣ ድንጋዮቿን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ ከሰዓት እስኪሆን ድረስም ምሳ ሳይበላ ተቀመጠ።

እንግዶቹ ሲገቡ እሱም ከኋላቸው ገባ። ወርክሾፑ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ ልጆቹ አዲስ ቱታ ለብሰው፣ ሽቦ የተዘረጋባቸው ሰሌዳዎች ፊት ተደርድረው ቆመዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ስክሪን የሱን ፊት አግዝፎ ያሳያል፣ ትምህርቱም ካለቀ እንደገና ይጀምራል። እህቱ እየመራች ታስረዳለች፤ ንግግሯ ለስላሳ ነው፣ እየሳቀች ነው፣ ውሃ አስቀርባለች። የእንግዶቹ መሪ ሸበቶ ሰው ናቸው፤ ስክሪኑን አይተው ዞር ሲሉ እሱን አዩት።

"እኚህ አይደሉም እንዴ?" አሉ ደስ ብሏቸው። "ባለቤቱ እያሉማ በአካል አንዴ ያሳዩን።"

እህቱ በከንፈሯ ፈገግ አለች። እምቢ የምትልበት መንገድ አልነበራትም። እሱ ወደ ፊት መጣ። ወጣቱ ተቆጣጣሪ አጥፍቶት የነበረውን ዋናውን ማጥፊያ መምህሩ በጀርባው ከልሎ መልሶ አበራው። ልጆቹ አላዩም። በግራ በኩል ለቆሙት ግን ማጥፊያው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በግራ በኩል የቆመችው እህቱ ነበረች።

ቴስተሯን ሽቦው ላይ ነካ አደረገ። "በራ?" አለ።

"አልበራም" አሉ በአንድ ድምፅ።

"ምን ማለት ነው?"

"ሞቷል።"

"ምን ላድርግ?"

"ይያዙት" አሉ። አንዳንዶቹ ከስክሪኑ የሰሙትን የሱን አነጋገር አስመስለው ነው ያሉት፤ ሳቅም ነበረበት።

ዝም አለ። እጁን ዘረጋ። እንደ ድሮው ጠበቀ። በፊት በፊት በዚህ ጊዜ ወንበር ይንቋቋል፣ ጉሮሮ ይጠረጋል። አሁን ፊታቸው ላይ ምንም የለም፤ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ነው የሚጠብቁት። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸዋል። ከሦስቱ አንዱ እዚህ ውስጥ አለ፣ አሁን ይናገራል እያለ ፊታቸውን አንድ በአንድ ለቀመ። ጣቱ ወደ ሽቦው ቀረበ። ከዚያ እህቱን አየ። ተማሪው በነበረች ዓመት ይህን ወጥመድ የሰበረችው እሷ ነበረች፤ እጁን ገና ሲዘረጋ መምህር ማለቱን ረስታ "ጋሼ ተው!" ብላ ተነስታ ክፍሉን አስቃበታለች። አሁን ማጥፊያውን አየችው። እጁን አየችው። አፏን ከፈተች፤ መናገሯ ነው ሲል ሸበቶውን እንግዳ በጎን ገልመጥ አደረገችና አፏን ዘጋች። ልቡ ውስጥ አንድ ነገር እዚያ ላይ ተቆረጠ። እስከዚያ ድረስ የተጣሉ ብቻ መስሎት ነበር።

እጁን ሰበሰበ። ከሰሌዳው ሥር ሁለት ሽቦ የተቀጠለበት አምፖል አንስቶ በዚያው መስመር ላይ አገናኘው። አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ። ልጆቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ የአንዱ ወንበር ወደቀ፤ ሸበቶው እንግዳ ምንድነው ይሄ አሉ። እሱ ለሳቸው አልመለሰም።

"ፈተናው ላይ ይህን ጥያቄ ኤክስ የተደረገበት ማነው?" አለ።

መሀል ከቆሙት አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን እስከ ጆሮዋ ብቻ አነሳች።

"ታውቂው ነበር?"

"አውቀው ነበር።"

"ታዲያ እጄን ስዘረጋ ምነው ዝም አልሽ?"

ልጅቷ የቱታዋን ዚፕ ትነካካ ጀመር። "ስህተት ነው ተባልኩ" አለች። "ሁለተኛም ሞከርኩ፣ አሁንም ስህተት ነው አለኝ። እኔ ነኝ የማላውቀው ብዬ ተውኩት።"

ይህ ከእህቱ ዝምታ ይልቅ አስደነገጠው። ያላወቀ ይማራል፤ አውቆ ዝም ያለ ሰው ግን ነገ ጓደኛው እጁን ሲዘረጋም ዝም ይላል። ሸበቶው እንግዳ ወደ እህቱ ዞረው፣ ይህን ያስተማረው ማነው ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው ውስጥ የቅድሙ ደስታ አልነበረም። እሷም በረጋ አነጋገር፣ አንድም ሐሰት ሳትጨምር መለሰች።

"ድምፁ የመምህሩ ነው" አለች። "ቃሉም የመምህሩ ነው። እኛ የጨመርንበት ነገር የለም።"

ሙሉው ቅጂ ይከፈትልኝ ሊል ይችል ነበር። እንግዳው ይከፈትለት ይሉ ነበር፤ ለኮሚቴው ይቀርባል ይባል ነበር፤ ኮሚቴው የዛሬ ወር ይሰበሰብ ነበር። ምናልባት ስሙ ይመለስለት ነበር። ይህን ሲያሰላስል ከጀርባው ስክሪኑ ትምህርቱን ጨርሶ እንደገና ጀመረ፤ የቴስተራችሁ መብራት በራ ይላል የገዛ ድምፁ፤ ዓይናቸው ከሱ ተነስቶ ወደዚያ የሄደ ልጆች ነበሩ።

"አምጪው" አላት።

ታብሌቷን ዘረጋችለት። ጠዋት እምቢ ያለው ቁልፍ እዚያው አለ። ተጫነው። ስክሪኑ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ጠቆረ። ሸበቶው እንግዳ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስህተት እንዲህ እዚያው በዚያው የሚታረም ከሆነማ ጥሩ ነው፣ በወረቀት ዘመን ቢሆን ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር አሉ። እህቱም የቴክኖሎጂው ጥቅም ይኸው ነው አለቻቸው። ሌላኛው እንግዳ ይህን ጻፈው።

ቅድም ሲቀርጸው የነበረው ልጅ ግን ከተሰለፉት መሀል ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"መምህር፣ ታዲያ ለምን እንደዚያ ብለው አስተማሩን?" አለ። "ወንድሜ እኮ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ያለ ትምህርት በልምድ ነው የሚሠራው። እኔ ነኝ እንደዚህ ነው ብዬ ያሳየሁት። አሁን ሥራ ላይ ነው።"

መምህሩ እህቱን አየ፤ እህቱ ታብሌቷን ታያለች። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር፤ አላስተማርኳችሁም፣ ቆረጡብኝ የሚል። ግን አሁን የተጫነውን መልሶ ቢክድ፣ ልጁ የትኛውን ይመን?

"ተሳስቼ ነው" አለው። "ስልክህን አውጣና ደውልለት። መምህሬ ተሳስቶ ነው በለው።"

ልጁ ደወለ። በድንጋጤ ድምፅ ማጉያውን ነክቶት ነበር፤ ጥሪው ወርክሾፑ ውስጥ ረጅም ጊዜ ጮኸ። እንደማይነሳ ሁሉም በልቡ ሲያስብ ተነሳ። ከወዲያ የመዶሻ ድምፅና የሰው ጩኸት ይሰማል። ልጁ እየተንተባተበ ነገረው፤ ያ ያልኩህን እንዳትሠራበት፣ መምህሩ ተሳስቶ ነው፣ ራሱ ነው ያለኝ።

ወንድምየው ሳቀ። "ድሮስ!" አለ። "ከዚያ ኮሌጅ የሚያውቅ መምህር የለም ብዬህ አልነበረም? በሰው ሕይወት ይጫወታሉ፣ ደሞዝ ይበላሉ።"

ልጁ አፍሮ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። እንግዶቹ ጣራውን አዩ። መምህሩ ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ መዳፉን ከስልኩ ላይ በቀስታ አነሳለት።

"ልክ ነህ በለው" አለ። "ብቻ ቴስተሩን መጀመሪያ ይሞክር።"

ልጁም እንደዚያው አለው።